የሽሽት ደንብ

ባሌ አሮጌ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ያየ ሰው የሰው መንጋጋ የሚመረምር ይመስለዋል። አያስገርምም፤ ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ከሥራ ቦታው ያመጣትን ማጉያ መነጽር ግንባሩ ላይ ያስራል፣ መብራቱን ጎትቶ ያቀርባል፣ ከዚያ የመጽሐፉን ጀርባ በቀጭን የብረት መንጠቆ ቀስ አድርጎ ይነካካል። የተሰፋበት ሽቦ ዝጓል? ቀዳዳው ሁለት ነው ሦስት? ወረቀቱ ሲዳሰስ ይሻክራል ወይስ ይለሰልሳል? ውስጡን የሚያነበው በመጨረሻ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አያነበውም። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት ሳላነብ ብተወው ሰው ይጎዳል። እሱ ግን በቃሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ መልሶ መላልሶ ይገዛል።

የሚሰበስበው የጠረጴዛ ጦርነት ደንቦችን ነው። ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰዎች በሰፊ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ጣት የሚያክሉ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩና ቀለም የተቀቡ ወታደሮች ያሰልፋሉ። ርቀቱን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካሉ፣ ዳይስ ይጥላሉ፣ ማን እንደሞተና ማን እንደሸሸ ከደንቡ መጽሐፍ ያያሉ። ከዚያ ይጨቃጨቃሉ። እንደ እኔ ግምት የጨዋታው እኩሌታ ጭቅጭቅ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ደንብ ዱሮ ትልቅ ማተሚያ ቤት አይገባም ነበር። ጥቂት ጓደኛሞች ተሰብስበው ያረቁታል፣ በጽሕፈት መኪና ይመቱታል፣ በማባዣ ያባዙታል፣ በሽቦ ይሰፉታል። ስሕተት ያገኙ እንደሆነ ለማንም ሳይናገሩ አርመው እንደገና ያባዛሉ፤ ሽፋኑም ያው፣ ዓመተ ምሕረቱም ያው። ስለዚህ መንትያ የሚመስሉ ሁለት መጻሕፍት ውስጣቸው ሲገለጥ የማይስማሙ ይሆናሉ። የሰብሳቢው ሙያ ይህን መለየት ነው፤ ባሌም በዚህ ስም አለው። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ አይጥ የቀመሰው፣ ውሃ የጠጣ መጽሐፍ አቅፈው ደጃችንን የሚያንኳኩ ሰዎች አሉ። “ሁለተኛ እትም ነው፤ ቀዳዳው ግን ኋላ የተበሳ ነው” ይላቸዋል። እነሱም የምርመራ ውጤት እንደ ሰማ በሽተኛ ራሳቸውን ነቅንቀው ይወጣሉ።

ይህ ሁሉ ሰው የሚያከብረው ባለሙያ ከሃምሳ አልፏል፣ ጸጉሩም ሸብቷል። ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው ማሙሽ እያለ ነው።

ነገሩን የጀመሩት አማቼ ናቸው። አማቼ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። አንድ ቀን ከተበላሸ ሬዲዮ ጋር በአንድ ካርቶን ሰማያዊ ሽፋን ያለው የጨዋታ ደንብ መጣላቸው፤ ባለቤቱ ሬዲዮውንም መጽሐፉንም ሳይወስድ ቀረ። አማቼ ከብየዳ የተራረፈውን እርሳስ እያቀለጡ ወታደር ሠሩበት፤ ወታደሮቹ እግራቸው ወፍራም፣ ፊታቸው ሁሉ አንድ ነበር። በዚያ ቤት መጽሐፉን የሚከፍቱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ልጆች ይጫወታሉ፤ ክርክር ሲነሣ አባት መነጽራቸውን አድርገው ከመጽሐፉ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ በዚያው ያበቃል። ይግባኝ የለም። ሽፋኑን አንድ ቀን የጋለ የብየዳ ብረት አቃጥሎት ተጣለ፤ ሰማያዊው የሚለው ስም ግን ቀረ።

ከደንቦቹ ሁሉ ባሌ አንዱን ይወዳል። የተመታ ጦር እየሸሸ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ትንፋሹን ሰብስቦም አንድ ጊዜ ወደ ውጊያው መመለስ ይችላል። ባሌ ይህን ደንብ አባቱ ሲያነቡለት የሰማው ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው። ዛሬም ሲናገረው ድምፁን እንደ እሳቸው ያጎረንናል።

አማቼ ባረፉ በዓመቱ ሁለቱ ወንድማማቾች መጽሐፉን ከአባታቸው የመሣሪያ ሳጥን አወጡና እኛ ሳሎን ጦር ገጠሙ። ታላቅየው፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ መሬት ቀያሽ ናቸው። ጠረጴዛ ላይም ቢሆን ሜትር የሚዘረጉት የሁለት ባላገሮች ድንበር እንደሚለኩ ሆነው ነው። ከሰዓት በኋላ የባሌ ፈረሰኞች ተመቱና ሸሹ፤ ጠርዝ ደረሱ።

“እዚህ ይቆማሉ” አለ ባሌ። “አንዴ ይመለሳሉ።”

“እንዲህ የሚል ደንብ የለም” አሉ ጋሼ።

“አለ እንጂ። አባባ ሲያነብ ሰምቻለሁ።”

“የለም አልኩህ ማሙሽ።”

“እንግዲያው መጽሐፉ ይኸው፤ ይከፈት።”

ባሌ እጁን ሰደደ፤ ጋሼም ሰደዱ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ያዙት። ሽቦው የዛገ ነበርና መጽሐፉ መሃል ለመሃል ለሁለት ሆነ። የሽሽት ምዕራፍ ያለበት የኋለኛው ግማሽ ጋሼ እጅ ቀረ። አሁን ገልጠው ያሳዩታል ብዬ ስጠብቅ ኮታቸውን አነሡ፣ ግማሹን መጽሐፍ ብብታቸው ሥር ወሸቁና ወጡ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ደጃችንን አልረገጡም።

“ደንቡ ባይኖር ኖሮ ገልጦ አፌን ያዘጋኝ ነበር” አለ ባሌ የዚያን ዕለት። “ይዞት የሸሸው ስላለ ነው።”

ነገሩ ለእኔም እውነት መሰለኝ።

ፍለጋው በዚህ ተጀመረ። ባሌ ሰማያዊውን መጽሐፍ ከያለበት ይለቅም ጀመር፤ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ ከሟች ቤት፣ መዝጊያው ከተበላሸ የትምህርት ቤት ቁም ሣጥን። ሦስት እትሞች እንዳሉት ያወቀውም እሱ ነው። በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ያለው ፈረሰኛ ሰይፉን በግራ እጁ ይዟል፤ ሥዕሉ ተገልብጦ ስለታተመ ነው። በሁለተኛው ተስተካክሏል። በሦስተኛው ፈረሰኛው ደህና ሆኖ የመድፍ ርቀት ሰንጠረዥ ተዘቅዝቆ ታትሟል፤ እሱን ለማንበብ ወይ መጽሐፉን ማዞር ነው ወይ ራስን። ይህ ሦስተኛው እትም እንደ አሸዋ የበዛ ነው። እኛ ቤት የቀረው የፊተኛው ግማሽ ግን ሽፋንም ሰንጠረዥም የለውም፤ ከሦስቱም ጋር አንድ ነው።

በሦስቱም ውስጥ የሽሽት ምዕራፍ የሚለው አንድ ቃል ነው፤ ጠርዝ የደረሰ ጦር ከጠረጴዛ ይነሣል። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስቼ ነበር ብሎ ይተወዋል። ሰብሳቢ ግን እንዲህ አያስብም። ባሌ የአባቱ መጽሐፍ ከታወቁት እትሞች ሁሉ የሚቀድም፣ ማንም ያላየው ሌላ እትም መሆን አለበት አለ። ስምም አወጣለት፤ ዜሮኛው እትም።

ሰብሳቢ ባልደረቦቹ መጀመሪያ ጥርሳቸውን አልከደኑም። ቆይቶ ግን ገብጋባው የሚባለው ሰብሳቢ ሥራዬ ብሎ ያፈላልግ ጀመር፤ ገብጋባው ሳንቲም አውጥቶ የሚፈልገው ነገር ደግሞ መኖር አለበት። ሌላው በልጅነቱ አጎቱ ቤት ያየው መሰለው። ሦስተኛው ሽፋኑ ወደ አረንጓዴ ያደላል ብሎ ማለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው፤ እነዚህ ግን የላሟን ቀለም ሳይቀር ተስማሙበት።

እኔ የማውቀው ባሌ የሚፈልገው እትም እንዳልነበረ ነው። የሚፈልገው ወንድሙ መጥተው “ደንቡ አለ፤ አንተ ልክ ነበርክ” እንዲሉት ነው። ያን ቢሉት አሥራ ሁለቱንም ዓመት በአንድ ጀንበር ይረሳው ነበር። ሳይሉት ግን ፊታቸውን ላያይ ምሏል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ በመሃል ወንድም ያጣሁት እኔም ነኝ፤ ጋሼ ከራሴ ወንድሞች ይልቅ የሚያስቁኝ ሰው ነበሩ።

እርግጥ በየወሩ አያቸዋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ከእኔ ነው። ሰፈራቸው ፋርማሲ ሞልቶ ሳለ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ይመጣሉ። ባሌ ይህን ያውቃል፤ የማያውቅ ይመስላል። ወሩ ሲደርስ ራት ላይ “ዛሬ ሰው በዛ?” ይለኛል። “ደህና ነበር” እላለሁ። “ሁሉም ጤና ነው?” ይላል። “አንዱ ግፊቱ ትንሽ ከፍ ብሏል” እላለሁ። ስም አንጠራም። በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ “ጨው ይቀንስ በይው” ይላል፣ ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሣ።

ባለፈው ወር ጋሼ ማዘዣቸውን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው “የሦስት ወር ስጪኝ” አሉኝ።

“ምነው በደህና?”

“ልጄ ጋ ልሄድ ነው። ቤቱንም አስረክቤያለሁ፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ነው በረራው።”

“ለጥየቃ?”

“ለመኖር እቴ።”

ልጃቸው ያለችበት አገር ሩቅ ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ፣ በእሳቸው ግፊት ደርሶ መልስ የለውም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። መድኃኒቱን አውርጄ ከፊታቸው አስቀመጥኩና ንዴቴ መጣ።

“ያንን ግማሽ መጽሐፍ ይዘው ሳይመጡ የትም አይሄዱም” አልኳቸው።

“እሱን ተይው። ሆድ ይፍጀው።”

“የማን ሆድ ጋሼ? የእርስዎ ይፍጀው፣ የእሱ ይፍጀው፤ ከነገሩ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ቤቴ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አሥራ አንድ ጊዜ ተደርድሯል።”

ከኋላቸው ተራ የሚጠብቅ ሳል የያዘው ሰውዬ ነበር፤ ሳሉን አቁሞ ያዳምጠን ጀመር።

“ደንቡ እዚያ ውስጥ አለ?” አልኳቸው።

“የለም።”

“ታዲያ ያኔ ለምን ገልጠው አላሳዩትም? አንድ ገጽ መግለጥ እኮ ነው።”

 ጋሼ የመድኃኒቱን ፓኮ አንድ በአንድ ኪሳቸው ከተቱ፣ ማዘዣውን አጠፉ፣ እንደገና ዘርግተው አጠፉት። “እሑድ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ” አሉና ለሳላሙ ሰውዬ ቦታ ለቀቁለት።

ለባሌ ይመጣሉ፣ መጽሐፉንም ይዘው ነው ብዬ ነገርኩት። “ደንቡ አለ ብሏል?” አለኝ ወዲያው። ይዘው ይመጣሉ ነው ያልኩህ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል፤ እኔ ጦሙን የጀመርኩት ዘግይቼ ነው።

እሑድ ባሌ ጢሙን ተላጨ፣ ያልተቀደደውን ሹራቡን ለበሰ፣ መጻሕፍቱን በየእትማቸው ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ከመጀመሪያው እትም በስተግራ ባዶ ቦታ ተወ፤ ለዜሮኛው ነው።  መግለጫ የሚሰጥ እንጂ ወንድሙን የሚጠብቅ ሰው አይመስልም ነበር።

ጋሼ ገቡ። ሁለቱ እንደ ሁለት መንግሥት መልእክተኞች ተጨባበጡ። “ደህና ነህ?” “ደህና ነኝ፤ አንተስ?” “እግዚአብሔር ይመስገን።” ሻይ አቀረብኩ፤ አልተነካም። ጋሼ የመሬት ፕላን ከሚይዙበት ቦርሳ አንድ ፖስታ አወጡ፣ ከፖስታው ግማሹን መጽሐፍ አወጡ፣ በሁለት እጃቸው አድርገው ለባሌ ሰጡት። ዳር ዳሩ አልተጨማደደም። በደንብ ተይዟል።

ባሌ ሰብሳቢ ነውና ወደ ሽሽት ምዕራፍ አልሮጠም። ማጉያውን ግንባሩ ላይ አሰረ። የሽቦውን ቀዳዳ አየ፣ ወረቀቱን በአውራ ጣቱ አሸው፣ ከዚያ በቀስታ እየገለጠ የመድፍ ርቀት ሰንጠረዥ ላይ ደረሰ። ሰንጠረዡ ተዘቅዝቋል። ባሌ ለረጅም ጊዜ አየው፤ መጽሐፉን አዞረ፣ መልሶ አዞረ።

“ሦስተኛ እትም” አለ፤ ለማያውቃቸው ሰዎች በሚናገርበት በዚያው ድምፅ።

ቀጥሎ የሽሽት ምዕራፍን ገለጠ። የሚለውን ሳያየውም ያውቀዋል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አነበበ። ጠርዝ የደረሰ ጦር ከጠረጴዛ ይነሣል። ማጉያውን ፈቶ አስቀመጠ። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ መሆኑን እኔም ባንኮኒዬ ላይ ከሰማሁት ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ፊቱን ሳየው ግን ያወቅሁትን ያህል አልተዘጋጀሁም ነበር። አዘንኩለት። በጋሼም ተናደድኩ፤ እስከዚህ ከማድረስ ያኔውኑ ሊያሳዩት ይችሉ ነበር።

“ሰምቻለሁ እኮ” አለ ባሌ። “መነጽሩን አድርጎ፣ መጽሐፉን ከፍቶ ሲያነብ ሰምቻለሁ። አላበድኩም።”

“አላበድክም” አሉ ጋሼ። “አንብቧል።”

“የሌለውን?”

“አዎ፣ የሌለውን። አምስት ዓመትህ ነበር። ጦርህ ከጠረጴዛ በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛው ሥር ገብተህ ታለቅሳለህ፤ ምግብም እምቢ ትላለህ። እማማ ይሄን ጨዋታ እሳት ውስጥ እከተዋለሁ ብላ ነበር። አንድ ቀን አባባ መጽሐፉን ከፈተና ጠርዝ የደረሰ ይቆማል፣ አንድ ጊዜም ይመለሳል ብሎ አነበበ። አንተ ማንበብ አትችልም። እኔ እችላለሁ። ከትከሻው በላይ ሆኜ ገጹን አየሁት፤ እንዲህ የሚል ነገር የለም። አባባም እያየሁ እንደሆነ አየኝ። ዝም በል ብሎ ጠቀሰኝ።”

ባሌ መጽሐፉን አልለቀቀም። ሲደሰት የሚያደርገውን ነገር አደረገ፤ በጣቱ አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። እኔ የጠበቅኩት ንዴት ነበር።

“እና ይሄን ነው የደበቅከኝ?” አለ። “ለእኔ ብሎ የፈጠረውን? ያኔ ብትነግረኝ እኮ ደስ ይለኝ ነበር ጋሼ። አንተ ራስህ ገጹን ገልጠህ፣ እንዲህ እንዲህ ነበር ብትለኝ ጠቡ በዚያው ያልቅ ነበር።”

“እሱንም አውቄዋለሁ” አሉ ጋሼ። “ደስ እንደሚልህ አውቄዋለሁ።”

“ታዲያ?”

ጋሼ ሻዩን አነሡ፤ ቀዝቅዟል፤ መልሰው አስቀመጡት። ቀያሽ ሲናገር ለካክቶ ነው፤ ያን ቀን ግን ሳይለኩ ተናገሩ።

“እንዳታውቅ ነበር የፈለግኩት። ደግነት አይደለም፤ እንዳይመስልህ። አባባ ሞቶ ዓመቱ ነው፤ አንተ ደግሞ ፊቴ ቆመህ ያንን ደንብ በእሱ ድምፅ ትለዋለህ። ገልጬ ባሳይህ እንዳልተጻፈ ታያለህ፤ እንዳልተጻፈ ካየህ ለአንተ ብሎ እንደፈጠረው ይገባሃል። ያን ቀን እሱን ልሰጥህ አልቻልኩም። በሃምሳ ዓመቴ ቀናሁ።”

“በምኔ?”

“እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር እኮ ማሙሽ። የእኔም ይሸሹ ነበር። የእኔ ጠርዝ ሲደርሱ አባባ ‘አንተ ትልቅ ነህ፤ ደንቡን ታውቃለህ’ ይለኝና በእጁ ያነሣቸዋል። እኔም ያስለቅሰኝ ነበር፤ ሽንት ቤት ሄጄ ነው የማለቅሰው። አንድ ቀን ለእኔም አንድ ነገር ያነብልኛል ብዬ ስንት ጊዜ ጠበቅኩ። አላነበበልኝም።”

   ባሌ አሥራ አንዱን መጽሐፍ እንዳሉ በክንዱ ገፍቶ ወደ ወንበሩ አወረዳቸው። ሁለቱ መሬት ወደቁ፤ አላነሣቸውም። ጠረጴዛው ባዶ ሆነ።

“የቱ ጋ ነበር?” አለ።

“ምኑ?”

“ያንተዎቹ። የሚሸሹት በየት በኩል ነበር?”

ጋሼ ጠረጴዛውን አዩት። የእኛ ጠረጴዛ ነው እንጂ የአባታቸው አይደለም፤ ያኛው ድሮ ተሰብሯል። ቢሆንም ለማሰብ ፋታ አልወሰዱም። ክንዳቸውን ዘረጉና ጣታቸውን ከግራ በኩል፣ ከማዕዘኑ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ አሳረፉት።

“እዚህ ጋ” አሉ፤ ጣታቸውንም አላነሡም።